ፖርት ፎርዋርዲንግ ወይስ ፖርት ትሪገሪንግ? ለቤት ራውተርዎ የትኛው ይሻላል

የራውተርዎን ማስተካከያ ገጽ ከፍተው ካዩ ሁለቱን ጎን ለጎን ያገኟቸዋል፦ ፖርት ፎርዋርዲንግ እና ፖርት ትሪገሪንግ። ሁለቱም የፖርት ቁጥር፣ ማለትም ግንኙነቱ የሚገባበትን የበር ቁጥር፣ ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም ቲሲፒ ነው ወይስ ዩዲፒ (ሁለቱ የመረጃ መላኪያ ስልቶች) ብለው ያስመርጣሉ። ከላይ ሲታዩ አንዱ የሌላውን ሥራ የሚሠራ ይመስላል። አይሠራም። የቤት ካሜራ ከውጭ ለማየት ብሎ ትሪገሪንግ የሞላ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቢሞክር ካሜራው አይከፈትለትም፤ ቁጥሮቹ ትክክል ቢሆኑም እንኳ።

ለመምረጥ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ግንኙነቱን የሚጀምረው ማን ነው? ከውጭ ያለው ሰው ከሆነ የሚያስፈልገው ፎርዋርዲንግ ነው። ቤት ውስጥ ያለው መሣሪያ ከሆነ ትሪገሪንግ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በኋላ ግን ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው፦ ጨርሶ ፖርት መክፈት ያስፈልጋል ወይ? በተለይ ለካሜራ ብለው ፖርት ለመክፈት ያሰቡ ሰዎች ምንም ቁጥር ከመሙላታቸው በፊት ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ራውተሩ ከውጭ የመጣውን ለምን ይመልሳል

ቤት ውስጥ ያሉት ስልኮች፣ ላፕቶፖች፣ ቴሌቪዥንና ካሜራዎች እያንዳንዳቸው የውስጥ አይፒ አድራሻ አላቸው። አድራሻው በ192.168፣ በ10፣ ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው ይጀምራል። እነዚህ አድራሻዎች ከቤት ውጭ አይሠሩም፤ ያንኑ 192.168.1.5 በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቤቶች ይጠቀሙበታል። ወደ ኢንተርኔት የሚታየው አንድ አድራሻ ብቻ ነው፣ እሱም የራውተሩ። ይህ የሆነው በእጥረት ነው፦ የአይፒ ቨርዥን 4 አድራሻዎች በጠቅላላ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ስልክና ካሜራ አንድ አንድ አይደርስም።

ስለዚህ ስልክዎ አንድ ገጽ ሲጠይቅ ራውተሩ ጥያቄውን በራሱ አድራሻ ይልክና ማን እንደጠየቀ መዝግቦ ይይዛል። መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለጠየቀው መሣሪያ ያደርሳል። ማንም ሳይጠራው ከውጭ የመጣ ነገር ግን መዝገቡ ላይ ስለሌለ ለማን እንደሚሰጥ አይታወቅም፤ ይጣላል። ይህ ለአብዛኛው ቤት መልካም ነገር ነው። ችግር የሚሆነው ያ ከውጭ የሚመጣው እርስዎ ራስዎ የሚፈልጉት ሲሆን ነው።

ሁለቱ ዘዴዎች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ፎርዋርዲንግ ለግቢ ዘበኛ «እገሌን ብሎ የመጣ ሁሉ፣ ቀንም ይሁን ሌሊት፣ ወደ ሦስተኛው ክፍል ይግባ» ብሎ ቋሚ ትእዛዝ መስጠት ነው። ትሪገሪንግ ደግሞ «ከግቢው ወጥቶ እንግዳ የጠራ ካለ እንግዳው ወደ ጠሪው ይግባ፤ ጠሪው ዝም ካለ በሩን ዝጋ» እንደማለት ነው።

ፎርዋርዲንግ ለምን ይሆናል

ቤትዎ ውስጥ የሌላውን ጥሪ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ መሣሪያ ሲኖር ነው። ልጅዎ በኮምፒውተሩ ላይ የማይንክራፍት ጨዋታ ሰርቨር (ሌሎች የሚገቡበት አስተናጋጅ ፕሮግራም) ከፍቶ ጓደኞቹን ሊያጫውት ፈለገ እንበል። የጃቫው እትም ቲሲፒ 25565ን፣ የቤድሮኩ እትም ዩዲፒ 19132ን ይጠቀማል። ጥሪው የሚጀምረው ከጓደኞቹ ቤት ነው፤ የእርስዎ ኮምፒውተር አስቀድሞ ወደ እነሱ የሚልከው ነገር የለም። ስለዚህ ራውተሩ ላይ «በ25565 የመጣ ሁሉ ወደ 192.168.1.50 ይሂድ» የሚል ደንብ ይጻፋል።

ደንቡ አንዴ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ቢበራም ቢጠፋም አለ። ይህ ጥንካሬውም ድክመቱም ነው። ሌላው ደካማ ጎኑ ደንቡ የተጻፈው ለአድራሻው እንጂ ለመሣሪያው አለመሆኑ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ አድራሻዎችን እንደ አዲስ ሊያድል ይችላል፤ ትናንት 50 የነበረው ኮምፒውተር ዛሬ 53 ሆኖ፣ 50 የእንግዳ ስልክ ይሆናል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ እምቢ አለ» የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው ነው። መፍትሔው በራውተሩ የዲኤችሲፒ (አድራሻ ማደያ) ገጽ ላይ የመሣሪያውን ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ የሚሰጠውን መለያ) ከአንድ አይፒ ጋር ማሰር ነው። ይህን ሳያደርጉ ፎርዋርዲንግ አይጀምሩ።

አንድ የውጭ ፖርት ወደ አንድ መሣሪያ ብቻ ይሄዳል። ሁለት አንድ ዓይነት መሣሪያዎች ካሉ ለሁለተኛው ሌላ የውጭ ቁጥር ይሰጠዋል። ለምሳሌ በውጭ 25566 የመጣው በውስጥ ወደ ሁለተኛው ኮምፒውተር 25565 ይመራል። አብዛኞቹ ራውተሮች የውጭውንና የውስጡን ቁጥር ለየብቻ ያስሞላሉ።

ትሪገሪንግስ?

ትሪገሪንግ ሁለት ቁጥር ይፈልጋል፦ አንዱ ቤት ውስጥ ያለው መሣሪያ ወደ ውጭ ሲጠራ የሚጠቀምበት፣ ሌላው ለዚያ ጥሪ ምላሽ ከውጭ የሚከፈተው። የድሮው ምሳሌ አይአርሲ የሚባለው የጽሑፍ መወያያ ነው። ኮምፒውተርዎ በ6667 ወደ ሰርቨሩ ሲገባ፣ ሰርቨሩ ማንነትዎን ለማጣራት በ113 ተመልሶ ይጠራዎታል። ይህ ሁለተኛ ጥሪ በራውተሩ መዝገብ ላይ ስለሌለ ይጣል ነበር። ትሪገሪንግ ራውተሩን «6667 ሲወጣ ካየህ፣ 113ን ለዚያው መሣሪያ ክፈት» ይለዋል።

እዚህ ላይ የውስጥ አይፒ መጻፍ አያስፈልግም፤ የጠራው መሣሪያ ማንም ይሁን፣ በሩ ለእሱ ይከፈታል። ላፕቶፑ ዛሬ 12 ነገ 27 ቢሆን ለውጥ የለውም። እንቅስቃሴው ካቆመ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራውተሩ ራሱ ይዘጋዋል፤ በኔትጊር ራውተሮች ላይ ለምሳሌ መነሻው 20 ደቂቃ ሲሆን መቀየርም ይቻላል። ገደቡ ደግሞ ያንኑ ፖርት በአንድ ጊዜ አንድ መሣሪያ ብቻ መጠቀሙ ነው። ሁለት ልጆች በሁለት ኮምፒውተር ያንኑ ፕሮግራም ከከፈቱ አንዱ ይቀራል።

«ትሪገሪንግ የተሻለ ደኅንነት አለው» ሲባል ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው፤ በሩ ብዙውን ጊዜ ዝግ ነው። ሌላኛው ግማሽ ግን ይረሳል። በሩ በተከፈተበት ሰዓት በብዙ ራውተሮች ላይ የሚገባው የተጠራው ሰርቨር ብቻ አይደለም፤ ከየትም የመጣ ሊገባ ይችላል። እንዲከፈት የሚያደርገውም የሚፈልጉት ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን በዚያ ፖርት ወደ ውጭ የላከ ማንኛውም መሣሪያ ነው፣ በቫይረስ የተያዘም ጭምር።

በእኔ አስተያየት ዛሬ ትሪገሪንግ የሚያስፈልገው ቤት በጣም ጥቂት ነው። ዘመናዊ ጨዋታዎችና የድምፅ መደወያዎች ሁለቱም ወገኖች ወደ ውጭ እንዲጠሩ አድርገው በሰርቨራቸው አማካይነት ያገናኛሉ፤ ለዚህ ራውተሩ ላይ የሚሞላ ነገር የለም። የፕሮግራሙ አምራች በመመሪያው ላይ «ይህን ያህል ወጪ፣ ይህን ያህል ገቢ ፖርት» ብሎ ለይቶ ካልጻፈ ትሪገሪንግን ይተዉት።

ዩፒኤንፒ የሚባለውንም እዚሁ ላንሳ። ይህ ፕሮግራሞች ራሳቸው ራውተሩን ጠይቀው ፖርት የሚያስከፍቱበት ነው። የኤክስቦክስና የፕሌይስቴሽን ባለቤቶች ምንም ሳይነኩ የሚጫወቱት ብዙ ጊዜ በእሱ ምክንያት ነው። ነገር ግን የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ርካሽ ካሜራም ጎጂ ፕሮግራምም እኩል ይፈቀድላቸዋል። የጨዋታ መሣሪያ ቤትዎ ከሌለ ያጥፉት። ካለም አልፎ አልፎ በዩፒኤንፒ ገጽ ላይ የተከፈቱትን ፖርቶች ዝርዝር ይመልከቱ።

ካሜራ፦ ብዙ ቤት ፖርት የሚከፈትበት ምክንያት

አዲስ አበባ ውስጥ የግቢ ካሜራ ያለው ቤት ብዙ ነው፤ ካሜራውን የሚመለከተውም ብዙ ጊዜ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዱባይ ያለ ልጅ ነው። ካሜራ ገጣሚው ዲቪአሩን፣ ማለትም የካሜራዎቹን ምስል የሚቀዳውን ሳጥን፣ ሰቅሎ፣ ራውተሩ ላይ ፖርት ከፍቶ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ይሄዳል። የዳሁዋ መሣሪያዎች 37777ን፣ የሂክቪዥን መሣሪያዎች 8000ን፣ ድረ ገጻቸው 80ን፣ ቪዲዮው ደግሞ 554ን ይጠቀማሉ። ምርጫው በመርህ ደረጃ ግልጽ ነው፦ የሚጠራው ከውጭ ያለው ልጅ ስለሆነ ፎርዋርዲንግ እንጂ ትሪገሪንግ አይሆንም። የሚስተካከለውም አዲስ አበባ ያለው ራውተር ብቻ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ራውተር ላይ የሚነካ ነገር የለም። ይህን ባለማወቅ የአሜሪካውን ራውተር ሲጎረጉሩ የሚውሉ አሉ።

ይሁን እንጂ ዲቪአርን በቀጥታ ለኢንተርኔት መክፈት አልመክርም። በአጭሩ ልለፈው የማልችለው ነጥብ ስለሆነ ምክንያቱን ልዘርዝር።

በአውሮፓውያኑ 2016 ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ኢንተርኔትን እያሰሰ፣ በ23 እና በ2323 ፖርቶች ለውጭ ክፍት የነበሩ ካሜራዎችን፣ ዲቪአሮችንና ራውተሮችን ያጠቃ ነበር። ምንም የተራቀቀ ነገር አልተጠቀመም፤ ከፋብሪካ የሚመጡ ከ60 በላይ የስምና የይለፍ ቃል ጥንዶችን በየተራ መሞከር ብቻ። ያን ዓመት ኦክቶበር 21፣ በእኛ ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የተያዙት መሣሪያዎች የድረ ገጾችን ስም ወደ አድራሻ በሚተረጉመው ዳይን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላይ አንድ ላይ ዘምተው ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ጨምሮ ትልልቅ ገጾች ለሰዓታት እንዳይከፈቱ አደረጉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች መሣሪያቸው በጥቃቱ መሳተፉን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም፤ ካሜራው እንደ ወትሮው ይሠራ ነበር።

«የእኔ የይለፍ ቃል ጠንካራ ነው» የሚል ሰው ደግሞ የ2021ን ያስታውስ። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በብዙ የሂክቪዥን ካሜራዎች የተገኘው ቀዳዳ ስምም ሆነ የይለፍ ቃል ሳያስፈልግ፣ ወደ መሣሪያው የድረ ገጽ ፖርት የተበጀ መልእክት በመላክ ብቻ ሙሉ በሙሉ ለመቆጣጠር የሚያስችል ነበር። አምራቹ ማስተካከያ አውጥቷል። ግን ገጣሚው ከሄደ በኋላ የዲቪአሩን ሶፍትዌር የሚያድስ ስንት ቤት አለ? የፖርቱን ቁጥር ከ8000 ወደ 48123 መቀየርም መከላከያ አይደለም፤ ሁሉም ፖርቶች 65 ሺህ ገደማ ስለሆኑ ማሽን በአጭር ጊዜ ያስሳቸዋል። ሾዳን የተባለው መፈለጊያ ከ2009 ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው፦ ለኢንተርኔት የተከፈቱ መሣሪያዎችን ማውጫ ማዘጋጀት።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሁለት መንገዶች አሉ።

ቀላሉ የአምራቹ የራሱ መተግበሪያ ነው፤ ለሂክቪዥን ሂክ-ኮኔክት፣ ለዳሁዋ ዲኤምኤስኤስ። ዲቪአሩ ራሱ ወደ አምራቹ ሰርቨር ይጠራል፣ ስልኩም ወደዚያው ይጠራል፣ መሃል ላይ ይገናኛሉ። ጥሪው ከውስጥ ስለሚነሣ ራውተሩ ላይ ምንም አይከፈትም። ዋጋው በአምራቹ ሰርቨር ላይ እምነት መጣል ነው። ይህን እምነት የማይሰጥ ሰው አለ፤ እረዳዋለሁ። ሆኖም በዕድሜ የገፉ ወላጆች ብቻቸውን ለሚኖሩበትና ቴክኒሻን በቅርብ ለማይገኝበት ቤት የምመርጠው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ቪፒኤን፣ ማለትም ከውጭ ወደ ቤትዎ መረብ የሚያስገባ የተቆለፈ መንገድ፣ ነው፤ የራስዎ፣ ቤትዎ ውስጥ ያለ። ራውተሩ ዋየርጋርድ የተባለውን የቪፒኤን ፕሮግራም የሚደግፍ ከሆነ እዚያው ላይ ይከፈታል፤ ፎርዋርዲንግም አያስፈልግም። ካልደገፈ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ በሚበራ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ለምሳሌ ራስበሪ ፓይ ላይ ይጫናል፤ ራውተሩ ላይ የሚከፈተው አንድ ፖርት ብቻ ነው፣ ዩዲፒ 51820። ዋየርጋርድ ቁልፍ ለሌለው ጠሪ ጨርሶ መልስ አይሰጥም፤ ለሚያስሰው ሰው ፖርቱ የተዘጋ ያህል ነው። ልጁ ከዱባይ ሆኖ ቪፒኤኑን ሲያበራ እቤት የተቀመጠ ያህል ዲቪአሩን በውስጥ አድራሻው ይከፍታል። በዋየርጋርድ ላይ የተሠራው ቴልስኬል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያንን አንድ ፖርት እንኳ አይጠይቅም።

ኮምፒውተርን ከሩቅ ለመቆጣጠር የሚያገለግለውን የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕንም እንደ ካሜራው ይቁጠሩት። ፖርት 3389ን በቀጥታ የከፈተ ሰው በ2019 ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ ሲገለጥ ከፍተኛ አደጋ ላይ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመበትን ዊንዶውስ ኤክስፒን ሳይቀር እንዲያድስ ያስገደደ ቀዳዳ ነው። በቪፒኤን ውስጥ እንጂ በፎርዋርዲንግ አይክፈቱት።

ሳይሞሉ በፊት፦ የሕዝብ አይፒ አለዎት?

የሕዝብ አይፒ፣ ማለትም ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ፣ መኖሩ ካልተጣራ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው፤ ፎርዋርዲንጉም ትሪገሪንጉም። በራውተሩ ሁኔታ ገጽ ላይ ዋን አይፒ (የራውተሩ የውጭ አድራሻ) የሚለውን ቁጥር በወረቀት ይጻፉ። ከዚያ በቤቱ ዋይፋይ ላይ ባለ ስልክዎ ብራውዘር «የእኔ አይፒ» ብለው ፈልገው የሚያሳይዎትን ያነጻጽሩ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ይቀጥሉ።

ዋን አይፒው ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ የኢንተርኔት አቅራቢው እርስዎንና ሌሎች ደንበኞችን በአንድ የሕዝብ አድራሻ ስር አድርጓችኋል ማለት ነው፤ ይህ የአድራሻ ክልል በ2012 ለዚሁ አገልግሎት የተለየ ነው። ሲጂናት ይባላል። ሲጂናት ውስጥ ሆነው በራስዎ ራውተር ላይ የሚጽፉት ደንብ ከውጭ ለሚመጣ ጥሪ አይረዳም፤ ጥሪው እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ አቅራቢው ጋ ይቀራል። በሲም ካርድ የሚሠሩ የ4ጂ ራውተሮች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ የቲሞባይል የቤት ኢንተርኔት፣ እንዲሁም የስታርሊንክ መደበኛ የቤት አገልግሎት በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። መውጫው አቅራቢው የሕዝብ አይፒ በክፍያ ይሰጥ እንደሆነ መጠየቅ፣ አለዚያም ቴልስኬልን ወይም የአምራቹን መተግበሪያ መጠቀም ነው።

ዋን አይፒው በ192.168 ወይም በ10 ከጀመረ ምናልባት ሁለት ራውተር ተከታትለው ተቀምጠዋል። ይህ እኛ ጋ በጣም የተለመደ ነው፦ አቅራቢው የሰጠው የፋይበር ሳጥን አለ፣ ዋይፋዩ አልደርስ ሲል ከሱቅ የተገዛ ቲፒ-ሊንክ ደግሞ ከኋላው ተሰክቷል። ሁለተኛውን ወደ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭ) ሁነታ ይቀይሩት፤ ዋይፋዩ እንዳለ ሆኖ ደንቡ በመጀመሪያው ሳጥን ላይ ብቻ ይጻፋል።

የሕዝብ አይፒው ራሱም ራውተሩ በጠፋና በበራ ቁጥር ሊቀያየር ይችላል። ዳክ ዲኤንኤስ ወይም ኖ-አይፒ የመሳሰሉ አገልግሎቶች የማይለወጥ ስም ይሰጡና አድራሻው በተቀየረ ቁጥር ስሙን ወደ አዲሱ ያዞሩታል።

አሞላሉ

የቁልፎቹ ስም በየራውተሩ ይለያያል። በብዙ የሁዋዌ ፋይበር ሳጥኖች 192.168.100.1 ገብተው «ፎርዋርድ ሩልስ» ስር «ፖርት ማፒንግ» የሚለው ፎርዋርዲንግ ነው፤ «ፖርት ትሪገር» ከጎኑ አለ። በዜድቲኢ ሳጥኖች አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ሲሆን ሁለቱም «አፕሊኬሽን» ስር ናቸው። በቲፒ-ሊንክ «አድቫንስድ» ውስጥ «ናት ፎርዋርዲንግ» ይፈልጉ፤ በቆዩት ሞዴሎች ላይ ፎርዋርዲንግ «ቨርችዋል ሰርቨርስ» ተብሎ ተጽፏል። «ዲኤምዜድ» የሚለውን ግን አይንኩት፤ እሱ ሁሉንም ፖርት ወደ አንድ መሣሪያ ያዞራል።

ለፎርዋርዲንግ የውጭ ፖርት፣ የውስጥ ፖርት፣ የታሰረውን የውስጥ አይፒና ፕሮቶኮሉን (ቲሲፒ ወይም ዩዲፒ) ይሙሉ። ፕሮቶኮሉን ካላወቁ «ሁለቱም» ከማለት የፕሮግራሙን መመሪያ አይተው ለይተው ይምረጡ። ራውተሩ የምንጭ አይፒ መገደቢያ ካለውና ከውጭ የሚጠራው ሰው አድራሻ ቋሚ ከሆነ ያንን ይሙሉ፤ ከተቀረው ዓለም ይዘጋል። ለትሪገሪንግ የሚሞላው ወጪ ፖርት፣ ገቢ ፖርትና ፕሮቶኮል ብቻ ነው።

ሲሞክሩ ዋይፋዩን አጥፍተው በሞባይል ዳታ ይሞክሩ። ብዙ ራውተሮች ከቤት ውስጥ ሆኖ የራስን የሕዝብ አይፒ መጥራትን አይደግፉም፤ ከውጭ የሚሠራው ከዋይፋዩ ሲሞከር የተበላሸ ይመስላል። ሰርቨሩም ክፍት መሆን አለበት፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ከሌለ ፖርት መፈተሻ ገጾች «ዝግ» ነው የሚሉት። አሁንም ካልሠራ የዊንዶውስ ፋየርዎል ላይ ፕሮግራሙ መፈቀዱን ይዩ፤ ራውተሩ አሳልፎት ኮምፒውተሩ ራሱ የሚከለክልበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዳንድ አቅራቢዎችም እንደ 25 እና 80 ያሉ ፖርቶችን ራሳቸው ስለሚዘጉ በሌላ የውጭ ቁጥር መሞከር ይጠቅማል።

ጨዋታው ሲያልቅ ደንቡን መሰረዝ አያስፈልግም። አብዛኞቹ ራውተሮች ከእያንዳንዱ ደንብ አጠገብ ማብሪያና ማጥፊያ አላቸው፤ ያጥፉት፣ ልጁ እንደገና መጫወት ሲፈልግ ያበሩታል።